የመሣሪያ ሶፍትዌርን በገመድ አልባ መንገድ ማሻሻል፦ አሠራሩ፣ ፍተሻው እና የተጠቃሚው መብት

ስማርት ሰዓት፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ ታብሌት እና መሰል መሣሪያዎች ተሸጠው በተጠቃሚው እጅ ከገቡ በኋላም በውስጣቸው የሚሠራው ሶፍትዌር ይለወጣል። ለውጡ በብሉቱዝ፣ በዋይፋይ ወይም በሞባይል ኔትወርክ ሲከናወን የገመድ አልባ ማሻሻያ ይባላል፤ በዕለት ተዕለት ንግግር አፕዴት የሚባለው ነው። ከሶፍትዌሮች መካከል መሣሪያውን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፈርምዌር በመባል ይታወቃል። አንድ መተግበሪያ ቢበላሽ አጥፍቶ እንደገና መጫን ይቻላል፤ ፈርምዌር ሲበላሽ ግን መሣሪያው ጭራሹን ላይነሳ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የፈርምዌር ማሻሻያ እንዴት እንደሚከናወን፣ ለተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት ምን ምን እንደሚፈተሽ እና ዜጎች በስልካቸው ወይም አገልግሎት በሚያገኙበት ተቋም ማሻሻያ ሲያጋጥማቸው ምን ማወቅ እንዳለባቸው ያብራራል። ለማብራሪያ የተወሰደው ፓይንታይም የተባለ ክፍት ምንጭ ስማርት ሰዓት ነው። ሰዓቱ የተመረጠው በአገር ውስጥ ገበያ በስፋት ስለሚገኝ ሳይሆን ንድፉና ምንጭ ኮዱ ለማንም ሰው ክፍት ስለሆነ ነው። የአብዛኞቹ አምራቾች መሣሪያዎች በማሻሻያ ወቅት በውስጣቸው ምን እንደሚካሄድ አይታይም፤ በዚህ ሰዓት ግን እያንዳንዱን እርምጃ መከታተል ይቻላል።

ጉዳዩ በዋግ ኽምራ የሚከብድበት ምክንያት

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከሰቆጣ ዙሪያ ደጋማ አካባቢዎች እስከ ተከዜ ሸለቆ ቆላማ ቀበሌዎች የሚዘረጋ፣ ተራራና ገደል የበዛበት አካባቢ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የኤሌክትሪክና የቴሌኮም አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦበት እንደነበር ይታወሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ስልኩ አልነሳ ያለው ሰው በዚያው ቀን ጠጋኝ ዘንድ ይደርሳል። ከዝቋላ፣ ከሳህላ ወይም ከአበርገሌ ገጠር ቀበሌ የተነሣ ሰው ግን ሰቆጣ ከተማ ለመድረስ ብቻ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ ሰቆጣ ከደረሰም በኋላ ፈርምዌር የሚጠግን ባለሙያ ስለማግኘቱ ማረጋገጫ የለውም።

ማሻሻያ የሚያዘጋጁ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚሞክሩት ኃይል በማይቋረጥበትና ኔትወርክ በማይደክምበት ቢሮ ውስጥ ነው። በዚያ ሁኔታ ማሻሻያ መጨረሻው ላይ መድረሱ ብዙም አያስገርምም። መብራት በመካከሉ የሚጠፋበት፣ ባትሪው በፀሐይ ኃይል በከፊል ብቻ የተሞላ፣ ኔትወርኩም የሚመጣና የሚሄድ በሆነበት ቦታ ግን መመዘኛው ይለወጣል፦ ማሻሻያው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆም መሣሪያው ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

የክፍት ምንጭ ሰዓቱ አሠራር

ፓይንታይምን ያወጣው ፓይን64 የተባለ፣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች የሚያመርት ድርጅት ሲሆን ሰዓቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በሰዓቱ ላይ የሚሠራው ኢንፊኒታይም የተባለው ፈርምዌር በፈቃደኛ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የሚዘጋጅ ነው። የሰዓቱ አቅም ውስን ነው፤ ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት የውስጥ ፍላሽ ማህደረ ትውስታ 512 ኪሎባይት፣ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው 64 ኪሎባይት፣ ከዋናው ቺፕ ውጭ ያለው ተጨማሪ ፍላሽ ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ፈርምዌር ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ማሻሻያው የሚጀምረው ተጠቃሚው አዲሱን የፈርምዌር ፋይል በስልኩ ላይ ካወረደ በኋላ ነው። ስልኩ ጋጄትብሪጅን በመሰለ መተግበሪያ አማካኝነት ፋይሉን በብሉቱዝ ወደ ሰዓቱ ይልካል። ፋይሉ በአንድ ጊዜ አይላክም፤ እያንዳንዳቸው 20 ባይት በሆኑ ጥቃቅን እሽጎች ተከፋፍሎ ይሄዳል። 400 ኪሎባይት የሚሆን ፋይል ለማድረስ 20 ሺህ ያህል እሽጎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ዝውውሩ ደቂቃዎችን የሚወስደው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ለግንኙነት መቋረጥ የሚዳርገውም ለዚሁ ነው።

ዋናው የጥንቃቄ እርምጃ አዲሱ ፈርምዌር የሚያርፍበት ቦታ ነው። አዲሱ ቅጂ በሥራ ላይ ባለው አሮጌ ቅጂ ላይ በቀጥታ አይጻፍም፤ በተጨማሪው ፍላሽ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ በአሮጌው ፈርምዌር እየሠራ ይቆያል። እሽጎቹ በሙሉ ከደረሱ በኋላ ሰዓቱ የደረሰው ፋይል ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን በስሌት ያጣራል። ካልተመሳሰለ ፋይሉን አይቀበለውም፤ ተጠቃሚውም እንደገና ከመላክ በቀር ሌላ የሚያጣው ነገር አይኖርም።

ማጣሪያው ሲያልፍ ሰዓቱ ጠፍቶ ይነሳል። በሚነሳበት ጊዜ ከሁሉ በፊት ሥራ የሚጀምረው ቡትሎደር የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም አሮጌውንና አዲሱን ቅጂ ቦታ ያለዋውጣቸዋል፤ አዲሱ ወደ ዋናው ቦታ ይገባል፣ አሮጌው ወደ ተጨማሪው ፍላሽ ይወጣል። የልውውጡ ሥርዓት የት እንደደረሰ እየመዘገበ ስለሚሄድ ኃይል በመካከሉ ቢቋረጥ እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ ካቆመበት እንዲቀጥል ሆኖ የተነደፈ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ ብዙ ተጠቃሚዎች የሚዘነጉት ነው። አዲሱ ፈርምዌር ሥራ ቢጀምርም ገና በሙከራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ተጠቃሚው ወደ ሰዓቱ ቅንብር ገብቶ አዲሱን ቅጂ መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። ሳያረጋግጥ ሰዓቱ ቢጠፋና ቢነሳ ቡትሎደሩ አሮጌውን ቅጂ ይመልሳል። «ማሻሻያው ጠፋብኝ» የሚል ቅሬታ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ብልሽት ሳይሆን ይህ ማረጋገጫ አለመሰጠቱ ነው። አሠራሩ በመጀመሪያ እይታ አስቸጋሪ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አዲሱ ፈርምዌር የንክኪ መስታወቱን ወይም ብሉቱዙን የሚያሰናክል ሆኖ ቢገኝ ተጠቃሚው ማረጋገጥ ስለማይችል ሰዓቱ በራሱ ወደ ደህናው ቅጂ ይመለሳል።

አዲሱ ፈርምዌር ፈጽሞ ቢቆምስ? ለዚህ በቺፑ ውስጥ ጠባቂ ቆጣሪ አለ። ፈርምዌሩ በየጊዜው ለቆጣሪው በሕይወት መኖሩን ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ለ7 ሰከንድ ያህል ምላሽ ካልሰጠ ቆጣሪው ሰዓቱን አጥፍቶ ያስነሳዋል። በሚነሳበት ወቅት ተጠቃሚው የጎን ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ምልክቱ ሰማያዊ ሲሆን ቢለቅ የቀድሞው ቅጂ፣ ቀይ እስኪሆን ጠብቆ ቢለቅ ደግሞ አዲስ ፈርምዌር ከመቀበል ሌላ ብዙም ሥራ የሌለው የማገገሚያ ፈርምዌር ይነሳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ የእጅ ሰዓት የበዛ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው ሰዓት ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ በመሆኑ በገመድ ለመጠገን ጀርባውን መክፈት ግድ ነው። ገመድ አልባው መንገድ ከተዘጋ ሌላ በር የለም ለማለት ይቻላል።

ፍተሻው ምን መምሰል አለበት

አንድ ማሻሻያ ተፈትሿል የሚባለው በትክክለኛው መንገድ ሲሠራ ስለታየ ብቻ አይደለም። ፈታሹ ሆን ብሎ ሊያበላሸው መሞከር አለበት። በዝውውሩ መጀመሪያ፣ አጋማሽና ማብቂያ ላይ የስልኩን ብሉቱዝ ያጠፋል፤ ስልኩን ከሰዓቱ እያራቀ ግንኙነቱ የሚደክምበትን ርቀት ይለካል፤ ከፋይሉ ላይ ጥቂት ባይት ቀይሮ በመላክ ሰዓቱ ይቀበለው እንደሆነ ያያል፤ በልውውጡ ሰዓት ኃይል ያቋርጣል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ሰዓቱ ተነሥቶ ጊዜውን በትክክል ማሳየቱን፣ ከስልኩ ጋር እንደገና መገናኘቱንና ሌላ ማሻሻያ መቀበል መቻሉን ያረጋግጣል። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ሌላው ሁሉ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊስተካከል ይችላል፤ ማሻሻያ የመቀበል አቅሙን ያጣ ፈርምዌር ግን የሚስተካከልበት መንገድ የለውም።

ባትሪ የራሱ ትኩረት ይገባዋል። የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ በጠቋሚው ላይ በቂ መስሎ የሚታይ ባትሪ በደጋ የማለዳ ብርድ ሥራ በሚበዛበት ቅጽበት ሊያጥፍ ይችላል። ስለዚህ ፍተሻው በሙሉ ባትሪና በክፍል ሙቀት ብቻ ተካሂዶ ከሆነ ለሰቆጣ ተጠቃሚ የሚናገረው ጥቂት ነው።

አንድ ሌላ ነጥብም አለ። አዲስ ዝውውር በተጀመረ ጊዜ በተጨማሪው ፍላሽ ውስጥ የነበረው የቀድሞ ቅጂ ይደመሰሳል። ዝውውሩ ተቋርጦ ቢቀር በሥራ ላይ ያለው ፈርምዌር ባይነካም ወደ ኋላ የሚመለሱበት ቅጂ የለም። በአንድ ቀን ውስጥ ማሻሻያን በላይ በላዩ የሚሞክር ሰው ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ፍተሻው አጥጋቢ ቢሆንም ማሻሻያን ለሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ መልቀቅ አደገኛ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በኢንተርኔት የላከው ስህተት ያለበት ማሻሻያ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አሰናክሏል፤ በበርካታ አገሮች በረራዎች ተሰርዘዋል፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጉለዋል። ኩባንያው ስህተቱን በዚያው ዕለት ቢያነሳም የቆሙት ኮምፒውተሮች ራሳቸው ስለማይነሱ ባለሙያዎች ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ማስተካከል ነበረባቸው። በመጀመሪያ ለጥቂቶች፣ ቀጥሎ ለብዙዎች፣ በመጨረሻ ለሁሉም የመልቀቅ ልማድ አስፈላጊነቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

የኢትዮጵያ ፊደልና የዘመን አቆጣጠር

ክፍት ምንጭ ለአገራችን ተጠቃሚ የሚሰጠው ተጨባጭ ጥቅም መሣሪያን ከቋንቋና ከባህል ጋር ማስማማት መቻሉ ነው። ኢንፊኒታይም በመደበኛ ቅጂው ከላቲንና ከሲሪሊክ ውጭ ያሉ ብዙ ፊደላትን አይዝም። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በኽምጣና የተጻፈ መልእክት ወደ ሰዓቱ ሲደርስ አይነበብም። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እንደ «ጘ» ያሉ ለአገው ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላትም ቦታ አላቸው። ችግሩ የመለያ ሳይሆን የቦታ ነው፤ ከ300 በላይ የሚሆኑ የፊደል ምስሎችን 512 ኪሎባይት በሆነ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ከሌላው ሥራ ጋር ማብቃቃት ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ የኢንፊኒታይም ቅጂዎች አንዳንድ ፊደላትንና ምስሎችን በተጨማሪው ፍላሽ ላይ ለብቻ ለማስቀመጥ ስለሚያስችሉ ሥራው ቀለል ብሏል።

የሰዓት ገጽም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት የሚል፣ 13 ወራት ያሉትን የዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ገጽ ኮድ ጽፎ መጨመር ለፕሮግራም አዋቂ ወጣት ከአቅም በላይ አይደለም። ይሁንና እንዲህ ያለው ጭማሪ አዲስ ፈርምዌር ስለሆነ ከላይ የተገለጸው ፍተሻ በሙሉ ይመለከተዋል፤ የራሱ የሆነ ፍተሻም ይጨመርበታል። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ይሆናል፤ በ2015 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2019 ዓ.ም.ም ይሆናል። በተራ ዓመት ጳጉሜን 5 ሌሊት መስከረም 1ን በትክክል የሚያሳይ ሰዓት ጳጉሜን 6 ባለበት ዓመት ሊሳሳት ስለሚችል ፈታሹ የሰዓቱን ቀን ወደፊት አዙሮ ሁለቱንም ማየት አለበት።

ማን እንደላከው ማወቅ

ፋይሉ በመንገድ ላይ አለመበላሸቱን የሚያጣራው ስሌት ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀው አይናገርም። ይህን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ የአዘጋጁ ፊርማ የሌለበትን ፋይል መሣሪያው እንዳይቀበል ያደርጋል። የስልክ አምራቾች በአብዛኛው ይህን ዘዴ ይጠቀማሉ። ኢንፊኒታይም ማንም ሰው የራሱን ፈርምዌር እንዲጭን ለመፍቀድ ሲባል የተለየ መንገድ ተከትሏል፤ የቅርብ ጊዜ ቅጂዎቹ ገመድ አልባ ማሻሻያን በመደበኛነት ዘግተው ተጠቃሚው በሰዓቱ ላይ ሲፈቅድ ብቻ ይከፍቱታል። ነፃነቱ ከኃላፊነት ጋር የመጣ በመሆኑ ፋይሉን ከፕሮጀክቱ ኦፊሴላዊ ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባል። በቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ «የተሻሻለ» ፈርምዌር ከየት እንደመጣ ማወቂያ የለውም፤ ይህ ለሰዓት ብቻ ሳይሆን ለስልክም ይሠራል።

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ከላይ የተገለጸው የሁለት ቅጂ አሠራር ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ለአምራቾች ቀርቧል። ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ስልኮች በሙሉ ግን አልተገበሩትም። ስልኩ ይህ አሠራር ከሌለው በማሻሻያ ወቅት የኃይል መቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ስለሚሆን ባትሪውን ሞልቶ መጀመር፣ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥሮችን አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ተገቢ ነው።

በጤና ኬላ ያለው ታብሌት

ብዙ የዋግ ኽምራ ነዋሪዎች ስማርት ሰዓት ባያስሩም ሶፍትዌሩ የሚሻሻል መሣሪያ በአገልግሎት ላይ ያጋጥማቸዋል። በጤና ሚኒስቴር የተዘረጋው የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ማህደርን በታብሌት እንዲይዙ የሚያስችል ሲሆን ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ኔትወርክ ሲገኝ እንዲልክ ሆኖ ተሠርቷል። ሚኒስቴሩ ለጤና መረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2ም መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው።

መረጃው የሚያገለግለው ቀላል ጉዳይ አይደለም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣውና በሰቆጣ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ማስቆም ነው። የአንድ ሕፃን ክብደት በየወሩ ተመዝግቦ ካልተያያዘ እድገቱ የተገታበት ወር አይታወቅም። በታብሌት ላይ ያልተላከ የሳምንታት መረጃ እያለ ማሻሻያ ቢጀመርና መሣሪያው ባይነሳ የሚጠፋው ይህ ነው። ስለሆነም ከማሻሻያ በፊት የተከማቸውን መረጃ መላክ፣ ማሻሻያውንም ከአንድ ወረዳ ታብሌቶች በጥቂቶቹ ላይ አስቀድሞ መሞከር ከላይ በሰዓቱ ምሳሌ የታየው ጥንቃቄ በተቋም ደረጃ ሲተገበር ነው።

ተገልጋዩ በበኩሉ የልጁን የክትባትና የእድገት ክትትል ካርድ መያዝ አለበት፤ ታብሌቱ ባይሠራ ካርዱ የሚተካው ማስረጃ ነው። መሣሪያው በማሻሻያ ላይ መሆኑ ክትባት ወይም ምርመራ ላለመስጠት ምክንያት ሊሆን አይገባም። በወረቀት መዝግቦ በኋላ ወደ ሥርዓቱ ማስገባት ስለሚቻል ተገልጋዩ እንዲህ እንዲደረግለት መጠየቅ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም መረጃው መግባቱን ማጣራት ይችላል። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃን የማወቅና ስህተት ሲኖረው እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው።

የሚመለከታቸው ሕጎች

ብሉቱዝን ጨምሮ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ መሣሪያዎች በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ይመለከታቸዋል። ሰዓት ወይም ስልክ ከውጭ ለንግድ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይኖርበታል። የሌላ ሰውን መሣሪያ ያለ ፈቃድ መድረስ ወይም ጎጂ ሶፍትዌር መጫን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ የራስን መሣሪያ ፈርምዌር መቀየር ግን ከዚህ የተለየ ነው።

መሣሪያ የሚገዛ ሸማች ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቱ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። በመሆኑም ከመግዛቱ በፊት አምራቹ ማሻሻያ የሚልከው ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ማሻሻያ ቢከሽፍ መሣሪያው ወደ ቀድሞው ቅጂ የሚመለስ መሆኑን እና ባይመለስ ሻጩ የሚጠግንበት ቦታ የት እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይችላል።